ሻርኩን ማን፣ ከየት እስከ የት እንደለካው ሳታውቁ ሥራ እንዳትጀምሩ

ስለ ሰማያዊ ሻርክ አስተዳደግና አወላለድ ልታጠኑ ካሰባችሁ ይህቺን ጽሑፍ አንብቧት። እኔ ስጀምር ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚያስፈራሩኝ በእድሜ ቆጠራው ነበር። አጥንቱ አይነበብም፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሁለት ሰው አይስማማበትም ይሉኝ ነበር። እሱ እንኳን በትዕግሥት አለፈ። እኔን ያንገበገበኝ ሜትር ነው። አዎ፣ ተራ የመለኪያ ሜትር።

ጥያቄው አጭር ነው። ይህ ሻርክ በስንት ዓመቱ፣ በምን ያህል ርዝመቱ ለመውለድ ይደርሳል? ስንት ይወልዳል? በምን ፍጥነት ያድጋል? ኮታ የሚወስኑት ሰዎች የሚሠሩት በእነዚህ መልሶች ነው። የአትላንቲክ ቱና ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ለሰሜን አትላንቲክ ሰማያዊ ሻርክ በዓመት 39,102 ቶን ገደብ አወጣ። በ2023 ወደ 30,000 ቶን አወረደው። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚወጣው ከሞዴል ነው፣ ዓሣው ምን ያህል መጠመድ እንደሚችል ከሚገምት ስሌት። ሞዴሉ ደግሞ የሚበላው እኛ የምንሰጠውን ነው።

ቀላሉን፣ እድሜ ቆጠራውን፣ ቶሎ ልጨርስ። ከመጀመሪያው የጀርባ ክንፍ ሥር ጥቂት የአከርካሪ አጥንቶች ውሰዱ፣ አቀዝቅዙ። ፎርማሊን ውስጥ እንዳትከቱ፣ ካልሲየሙን ይበላዋል። በስሱ ቁረጡ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ያለ መስመር ታያላችሁ። ሁለት ሰው የዓሣውን ርዝመት ሳያይ፣ አንዱም የሌላውን ውጤት ሳያይ ይቁጠር። በትልልቆቹ ላይ ጠርዝ አካባቢ መስመሮቹ ስለሚጠጋጉ እድሜን አሳንሶ መቁጠር ቀላል ነው። አለቀ።

አሁን ወደ ሜትሩ።

የራሴ ናሙና ስለማይበቃ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ጠየቅሁ። በመርከብ ላይ የሚሳፈሩ ታዛቢዎች ለዓመታት የሞሉት ነው። ፋይሉ ሲደርሰኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጾታ አለ፣ ቀን አለ፣ አንዳንዱ ጋ ክብደትም አለ። ርዝመት የሚል አንድ ዓምድ አለ። ርዝመት፣ ሴንቲ ሜትር። በቃ።

ሻርክ ግን አንድ ርዝመት የለውም። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ላይኛው የጅራት ጫፍ ከለካችሁ ጠቅላላ ርዝመት ነው። ጅራቱ እንደ ሹካ እስከሚከፈልበት ከለካችሁ የሹካ ርዝመት ነው። ጅራቱ ከመጀመሩ በፊት ባለችው ትንሽ ጎድጓዳ ላይ ካቆማችሁ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ጠቅላላ ርዝመቷ 220 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት በሹካ ስትለካ ወደ 184 ትወርዳለች። ጎድጓዳዋ ላይ ሲቆም ደግሞ 165 ገደማ። ዓሣዋ ያቺው ናት። ይህ ሳይበቃ ሜትሩን በአየር ላይ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ አለ፣ ሰውነቷ ላይ አስተኝቶ ኩርባዋን ተከትሎ የሚለካም አለ። ሁለተኛው ሁልጊዜ ያስረዝማል።

ጻፍኩላቸው። መልሱ ከስንት ጉትጎታ በኋላ መጣ፦ «ሁሉም የሹካ ርዝመት ነው፤ መመሪያችን ይህን ያዛል።» መመሪያው ማዘዙን እኔም አውቃለሁ። የጠየቅሁት የታዘዘውን ሳይሆን የተደረገውን ነበር።

ጥርጣሬዬን ያመጣችው አንዲት እርጉዝ ናት። 165 ተብላ ተመዝግባለች። ከእሷ በታች ባለው መስመር 190 የተባለች ሴት ገና ያልደረሰች ናት ተብሏል። አንዷ ብትሆን የተፈጥሮ ነገር ብዬ አልፈው ነበር። ግን እንዲህ ያሉት በረከቱ። ክብደት ያላቸውን ለይቼ ከርዝመታቸው ጋር ግራፍ ላይ አወጣኋቸው። አንድ ደመና መሆን የነበረበት ሦስት ቦታ ተከፈለ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ግራፉን ላክሁላቸው። «ስሌትዎን ደግመው ያረጋግጡ» አሉኝ። (ይቅርታ፣ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።) በመጨረሻ እውነቱን የነገረኝ ቀድሞ ታዛቢ የነበረ ሰው ነው። በስልክ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ እኛ መርከብ ላይ ዓሣው እኛ ጋ ሳይደርስ ጅራቱ ተቆርጦ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። የሌለ ሹካ እንዴት አድርገን እንለካ?» ጎድጓዳው ላይ ያቆሙ ነበር። ቅጹ ላይ ግን አንድ ሳጥን ብቻ ስላለ እዚያው ይጽፉታል።

ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እርጉዟን በስህተት 165 የሹካ ርዝመት ናት ካልኩ፣ ሴቶች ከእውነቱ ባነሰ ርዝመት ይደርሳሉ ማለቴ ነው። ትንሽ ከሆኑ በእድሜም ልጅ ናቸው። ቶሎ የሚደርስ ዓሣ ብዙ ቢጠመድም ይቋቋማል ተብሎ ይታሰባል። በተቃራኒው ጠቅላላውን ርዝመት እንደ ሹካ ከወሰድኩት ዓሣው ከእውነቱ በላይ ትልቅ ሆኖ፣ የእድገቱ መስመር ወደ ላይ ይንጋደዳል። ትልልቅ እናቶች ብዙ ስለሚወልዱ የግልገሉም ስሌት አብሮ ይበላሻል።

የተለመደው ምክር «መረጃ አይጣልም፣ በቀመር ቀይረው» የሚል ነው። እኔ አልስማማም። ቀመር የሚሠራው ከምን ወደ ምን እንደምትቀይሩ ስታውቁ ነው። ዓይነቱ ያልታወቀ ርዝመት ይጣል። እኔ አብዛኛውን ጣልኩት። የተረፈው ትንሽ ነው፣ ግን አምነዋለሁ። በራሴ ናሙና ላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ዓሣ ሁለት ርዝመት እወስዳለሁ። መመሪያዎች አንድ ይበቃል ቢሉም አትስሟቸው። ሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያውን ይጠብቃል።

ስለ መድረስም አንድ ነገር ልጨምር። ወንዱ ቀላል ነው። ከሆዱ በታች ያሉት ሁለቱ የመራቢያ አካላት ጠንክረው ወደፊት የሚዞሩ ከሆነ ደርሷል። ሴቷ ላይ ግን የንክሻ ጠባሳ አይታችሁ «ደርሳለች» የምትሉ ካላችሁ ተዉት። ወንዱ ሲገናኛት ይነክሳታል፣ ለዚህም ነው ቆዳዋ ከወንዱ በብዙ የሚወፍረው። ነገር ግን እንቁላሏ ገና ያልበሰለ ሴትም ትነከሳለች። የወንዱን ዘር በእንቁላል ማስተላለፊያ እጢዋ ውስጥ አስቀምጣ ለወራት ትቆያለች። ክፈቷት፣ የእንቁላሎቹን ስፋት ለኩ፣ እጢዋንና ማህፀኗን እዩ። ጊዜ ይወስዳል፣ እጅ ይገማል፣ ሌላ መንገድ ግን የለም።

ግልገል ስትቆጥሩም ተጠንቀቁ። ሰማያዊ ሻርክ ከ9 እስከ 12 ወር አርግዛ በአማካይ 35 አካባቢ ትወልዳለች፣ እስከ 135 የተቆጠረበትም አለ። መንጠቆ ላይ የቆየች እርጉዝ ግን በጭንቀት ከፊሉን ልትጥል ትችላለች። ማህፀኗ የላላና ባዶ ቦታ የበዛበት ከሆነ የቀረውን ቆጥራችሁ «ይህን ያህል ትወልዳለች» አትበሉ። ለብቻ ምልክት አድርጋችሁ ከአማካዩ አውጧት።