የኅዳር ሚካኤል ጭስና አዲሱ ሰፈሬ

እሑድ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ የምጽፈው ከራሴ ቤት ነው። የራሴ ስል የኪራይ ነው፤ አንድ ክፍል፣ በወር 9,000 ብር፣ መብራት ለብቻ። መስኮቱን ስከፍተው የግንፍሌ ወንዝ ድምፅ ይገባል፤ ሽታውም ተከትሎ ይገባል። ደሴ ላለችው እናቴ የነገርኳት ግን ስለ ድምፁ ብቻ ነው።

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። መሥሪያ ቤቴ ለገሀር ጋ ስለሆነ እዚያው አቅራቢያ ቤት እይዛለሁ፣ በእግሬ እመላለሳለሁ፣ አለቀ። እስከዚያው አያት ሰፈር፣ አክስቴ ቤት አረፍኩ። የከተማው ባቡር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ደሴ ሆነን በቴሌቪዥን አይተን ቀንተን ነበር። ወደ ሥራ የምሄደው በእሱ ነበር፤ ከመነሻው ስለምሳፈር መቀመጫ አላጣም፤ መገናኛ ስንደርስ ግን የሰው ክርን ጭንቅላቴ ላይ፣ የሰው ቦርሳ ጭኔ ላይ ነበር። ለገሀር ለመውረድ ከስታዲየም ጀምሬ «ወራጅ ነኝ፣ ይቅርታ፣ ወራጅ ነኝ» እያልኩ መጋፋት ነበረብኝ። አንድ ቀን አልቻልኩም፣ ሜክሲኮ ተወሰድኩ።

«ልጄ፣ መሀል ከተማ ምን ያደርግልሻል? እዚሁ ብሎካችን ላይ አንድ ክፍል እናፈላልግልሽ» ትለኝ ነበር አክስቴ። እሷ ራሷ የመሀል ከተማ ሰው ነበረች፤ ባሻ ወልዴ ችሎት ሲፈርስ ነው አያት የገባችው። እድሯ ግን ዛሬም አራት ኪሎ ነው። ሰው ሲሞት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ ትሄዳለች። «እዚህስ እድር የለም?» ብዬ ጠየቅኳት። «አለ እንጂ። እኔን የሚያውቀኝ ግን ያኛው ነው።» ያኔ ብዙም አላሰብኩበትም።

ደላላ ያዝኩ። «እህት፣ ቀልጠፍ በይ፣ ይሄ ቤት እስከ ማታ አይቆይም» የማይልበት ቤት የለም። መጀመሪያ ወደ ልደታ አካባቢ አንድ ፎቅ ወሰደኝ፣ ሰባተኛ። ሊፍቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ ቢጫ ሆኗል። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ከሥራዬ በእግር የሚያስኬድ ነው። «ውሃ አለ?» አልኩ። «አለ!» ወጣ ብዬ ኮሪደሩን ሳየው በየበሩ አጠገብ አራት አምስት ጄሪካን ተደርድሯል። ውሃ ካለ ይሄ ሁሉ ጄሪካን ለጌጥ ነው?

እዚያው ሆነን አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁኝ። እኔም አንብቤ ነበርና «ጋሼ፣ በአዋጁ እኮ ከሁለት ወር በላይ መቀበል አይቻልም» አልኳቸው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016፤ ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ይላል፣ ክፍያውም በባንክ ነው። ሰውዬው አልተቆጡም። ፈገግ ብለው «እንግዲያው ልጄ፣ ሄደሽ አዋጁን ተከራዪው» አሉኝ። ደረጃውን ስንወርድ ደላላው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሳቀ።

ፒያሳን ደሴም አለን፤ ጣሊያን ያላለፈበት ከተማ ካልሆነ ፒያሳ የሌለው የለም። ስለዚህ እዚህኛውም ፒያሳ እንደማልጠፋ ገምቼ ነበር። ግን ሰዉ አቅጣጫ የሚያሳየው በሌሉ ቦታዎች ነው፦ «ዶሮ ማነቂያ የነበረው ጋ ስትደርሺ ወደ ቀኝ»። የነበረውን ያላየ ሰው በምን ይታጠፋል? ጣይቱ ሆቴል ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ እሱን ምልክት አደረግኩ። የቀረው ሰፊ መንገድ፣ አዲስ መብራትና የዓድዋ ሙዚየም ነው። ያምራል፣ አልዋሽም። ለእኔ አቅም የሚሆን ክፍል ግን አልተረፈበትም።

ካዛንቺስ የሄድኩት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። እሱን ቀን ቶሎ አልረሳውም። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚባሉት ቤቶች ነው ስሙ የመጣው፤ ቤት የሚል ስም ያለው ሰፈር ቤቱ እየፈረሰ ደረስኩ። ደላላው ገና የቆመች አንዲት ቤት እያሳየኝ «ይቺ አትነካም» ይለኛል። «ማን አለ?» «እኔ አልኩሽ!» ከጎኗ ቆርቆሮ እየተነቀለ በዓይነት በዓይነቱ ይቆለላል። አንዲት ልጅ ፍርስራሹ ዳር ጀበናዋን ጥዳ ቡና ትሸጣለች፤ ደንበኞቿ ዕቃ የሚጭኑት ናቸው።

አንድ ኢሱዙ ላይ ፍራሽ፣ ወንበር፣ ምጣድ፣ የልጅ ብስክሌት ተጭኗል። የቀረው ቁም ሳጥን ነው። ከባድ የድሮ ዋንዛ፣ ሁለት በር፣ መሀሉ ላይ መስታወት። ሦስት ወጣቶች አንሥተው ሞከሩት፣ አልሆነም፤ በቁመት ሞከሩት፣ ገመዱ አልደረሰም። ባለቤቷ «ቀስ፣ ቀስ በሉ፣ መስታወቱን!» ትላለች። የሾፌሩ ትዕግሥት አለቀ። መኪናው ሄደ፤ ቁም ሳጥኑ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ቀረ፤ የሚያልፉት ሚኒባሶች መስታወቱ ውስጥ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሴትየዋ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስልክ ትደውላለች። ደላላው «እህት፣ እንሂድ፣ ሰዓት የለኝም» አለኝ። የዚያን ቀን ተለያየን።

ግንፍሌን ያገኘሁት ለብቻዬ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና የሚወርደው መንገድ ላይ፣ ድልድዩ ጋ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እዚያ አካባቢ በቤተ ሰብ ግቢ ውስጥ ክፍል ይከራያል» ስላለችኝ ኅዳር 12 ማለዳ፣ ከሥራ በፊት ሄድኩ። ቀኑን አስቤበት አልነበረም። ከታክሲ ስወርድ ሰፈሩ አይታይም፤ ጭስ ነው። ለካ ሚካኤል ነው፣ ኅዳር የሚታጠንበት። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ከጨረሰ ወዲህ ሰዉ በየዓመቱ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል።

መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ይጠርጋል። አሮጌ ጫማ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የተቀደደ ሰሌን ተቆልሏል። አንድ ጎረምሳ ፌስታል ወርውሮ ሲጨምር አንዲት እናት ከበረንዳቸው ጮኹ፦ «አውጣው! ጭሱ በሽታ እንዲያወጣ ነው እንጂ እኛን እንዲያንቀን ነው?» ልጁ በዱላ እየቆፈረ አወጣው። እኔ የቢሮ ልብሴን ለብሼ፣ አፍንጫዬን በሻርፕ ይዤ ቆሜያለሁ። አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ቆመሽ ከምታዪን ያንን መጥረጊያ አቀብይን።» አቀበልኩ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እስከ ቱቦው ድረስ የጠረግኩት እኔ ነኝ።

ቤት ፍለጋ መሆኑን ስነግራቸው «እኔ ጋ አንዲት ክፍል አለች፤ ደላላ ግን እንዳታመጪብኝ» አሉ። ገባን። ኮርኒሷ ትንሽ ወርዷል፣ ግድግዳዋ ደህና ነው። ሕጉን ዘረዘሩልኝ፦ የውጭ በር በ3 ሰዓት ይዘጋል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ አይጣድም፣ ሽንት ቤት በተራ ይታጠባል። «እሺ እማማ፣ ውሃስ?» የልደታውን ትምህርት አልረሳሁም፤ አለ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፣ በሳምንት ስንት ቀን አልኩ። «ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ይመጣል። ስትነቂ ሙዪ፤ የእኔንም ሙዪልኝ፣ ወገቤ አይችልም» ብለው ሰማያዊውን በርሜል አሳዩኝ። እስካሁን ካየኋቸው አከራዮች ውሃ ሁልጊዜ እንደማይኖር የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ወንዙን ጠየቅኳቸው፤ ስሙ ራሱ ገነፈለን እያስታወሰ እንዴት አልጠይቅ። ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ ያለውን የጭቃ መስመር አሳዩኝ፦ «የክረምቱ እዚህ ነው የሚቆመው። ክፍልሽ ከፍ ያለች ናት።» ትነሣላችሁ ስለመባሉስ? «የልኬት ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተዋል። አንዴ ለክተው ሄዱ፣ አንዴ የለኩትን ለክተው ሄዱ።»

ውሉን የሁለት ዓመት አድርገን ጻፍነው። «ሁለት ዓመት!» ብለው ሳቁና ፈረሙ። የሁለት ወር በባንክ አስገባሁ። ለአክስቴ ስደውልላት ዝም አለች፣ ከዚያ «ግንፍሌ ከእድራችን ድንኳን በእግር ነው እኮ» አለችኝ። ለቅሶ ሲኖር ከዚህ በኋላ እኔ ጋ ታድራለች።

ትናንት መርካቶ ወርጄ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ባለ ክዳን ባልዲ ገዛሁ። ሻጩ ጥሩ ቁም ሳጥን አለኝ፣ ባለ መስታወት ነው፣ እስከ ቤትሽ አደርስልሻለሁ ብሎ ተከተለኝ። ዋጋውን እንኳ አልጠየቅኩም። ልብሶቼ ሚስማር ላይ ናቸው፤ የቀሩት ሻንጣው ውስጥ።