አንዲት ሰከንድ ያቆመችው ቶርኖ

ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ከአንድ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ጋር ስታገል ዋልኩ። ይነሳል፣ ብረቱንም አሳምሮ ይቆርጣል። ሊቆም ሲል ግን ቪኤፍዲው (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) "ኦቨር ቮልቴጅ" (ቮልቴጁ ከልክ አልፏል) ብሎ ይዘጋል። ባለቤቱ ጋሼ "መብራቱ እየጨመረ ነው፤ ዕቃው ሳይቃጠል አልቀረም" ብለው ተጨንቀዋል። አዲስ መግዛት ቀላል ወጪ አይደለም።

የሚገባውን መብራት ለካሁ። 380 ቮልት፣ ምንም አልሆነም። ቪኤፍዲው ይህንን መጀመሪያ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኤሌክትሪክ) ይቀይረዋል፤ ውስጡ 540 ቮልት ገደማ ይሆናል። (ክዳኑን የምትከፍቱ ልጆች እባካችሁ! መብራቱን ካጠፋችሁ በኋላም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ቻርጁን ይዞ ይቆያል። ጠብቁ፣ በቴስተር ለኩ፣ ከዚያ ንኩ። ሰው ይገድላል።)

ስክሪኑ ላይ የዲሲውን ቁጥር እያየሁ አቆምኩት። 540 የነበረው 700ን አልፎ ሽቅብ ወጣ። ያኔ ገባኝ። ያ ብረቱን ነክሶ የሚያዞረው ከባድ ቻክ አንዴ ከዞረ በቀላሉ አይቆምም። ቪኤፍዲው በግድ ሲይዘው ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መሄጃ ግን የለውም። ፓራሜትሩን (የቪኤፍዲውን ቅንብር) ሳይ የማቆሚያው ጊዜ 1 ሰከንድ ላይ ተሞልቷል።

8 አደረግኩት። ቻኩ ቀስ ብሎ ቆመ። አሥር ጊዜ ደጋገምነው፣ አንዴም አልዘጋም። ጋሼ እጄን ይዘው መረቁኝ፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ቶሎ መቆም ለሚፈልግ ሥራ ግን የብሬክ ሬዚስተር (የሚመለሰውን ኃይል ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያስወግድ ዕቃ) ያስፈልገዋል። ነገ እሱን ፍለጋ እወጣለሁ።