የሜኑው ቅደም ተከተል የማን ነው?

ሐዋሳ ላይ ለሱቅና ለመድኃኒት ቤት የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ የሕግ ጥያቄ አለ፦ የተፎካካሪን ኮድ ሳይነኩ የገጹን መልክና የሜኑውን (በስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን የትእዛዞች ዝርዝር) ቅደም ተከተል ብቻ አስመስሎ መሥራት ያስከስሳል ወይ?

ብዙዎች ወዲያው የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ አፕል የስክሪን ገጽታዬን አስመስለዋል ብሎ ማይክሮሶፍትንና ሂውሌት ፓካርድን የከሰሰበትን ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ አፕል ቀደም ሲል በ1985 ለማይክሮሶፍት የአጠቃቀም ፈቃድ ሰጥቶ ስለነበር፣ አከራካሪ ከነበሩት 189 ነጥቦች 179ኙ በዚያ ውል የተሸፈኑ ሆነው ተገኙ፤ በ1994 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ውሳኔውን አጸናው። በእኔ እምነት ይህ ጉዳይ ከቅጂ መብት ይልቅ ስለ ውል አጻጻፍ የሚያስተምረው ይበልጣል።

ለእኛ ጥያቄ የሚቀርበው የሎተስና የቦርላንድ ክርክር ነው። ሎተስ 1-2-3 ኤክሴል ገበያውን ከመያዙ በፊት ገኖ የነበረ የሂሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ሲሆን፣ ቦርላንድ «ኳትሮ» የተባለውን ፕሮግራሙን በራሱ ኮድ ቢጽፍም፣ ሎተስን የለመዱ ሰዎች እንዳይቸገሩና የጻፏቸው ማክሮዎችም (ተደጋጋሚ ሥራን በራሳቸው የሚፈጽሙ የትእዛዝ ስብስቦች) እንዲሠሩላቸው በማሰብ 469ኙን የሜኑ ትእዛዞች ከነአደረጃጀታቸው ወስዶ ነበር። የሥር ፍርድ ቤት ለሎተስ ፈረደ፤ በቦስተን የተቀመጠው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ1995 ሜኑውን በቪዲዮ ማጫወቻ (በእኛው «ዴክ») ላይ ካሉት ቁልፎች ጋር አመሳስሎ፣ የአሠራር ዘዴ በመሆኑ በቅጂ መብት አይጠበቅም ሲል ሻረው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 አራት ለአራት ስለተከፈለ የይግባኙ ውሳኔ ጸና፤ ለመላው አገሪቱ የሚሠራ አስገዳጅ ትርጉም ግን አልተሰጠም። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ከይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዳኞች አንዱ የሆኑት ዳኛ ቡዲን በተናጠል የጻፉት አስተያየት ነው፤ ሜኑውን ለመልመድ የደከመው ተጠቃሚው ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ድካም ሎተስ ደንበኛውን አስሮ የሚያስቀርበት ምክንያት አልታያቸውም።

የእኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ቢጠብቅም፣ ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃው ውጪ ስላደረገ የቦርላንድ ዓይነት መከራከሪያ እዚህም መሠረት አለው። ስለዚህ የመድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ የለመደችውን «ሽያጭ፣ ተመላሽ፣ ክምችት» የሚል ቅደም ተከተል መከተል ብቻውን ጥሰት ነው ብዬ አላምንም። በእጅ የተሣለ አይከን (በስክሪኑ ላይ የሚጫን ትንሽ ምስል)፣ ፎቶግራፍ ወይም የመመሪያ ጽሑፍ መገልበጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ደንበኛ የአንዱን ምርት ከሌላው እስኪያምታታ ድረስ ስሙንና ቀለሙን ማመሳሰልም በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሊያስጠይቅ ይችላል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በአዋጅ 410 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ አሠሪው፣ ማለትም ሥራውን ያዘዘው ነው፤ የማያቸው ውሎች ደግሞ አብዛኞቹ ዋጋና የማስረከቢያ ቀን ብቻ ጽፈው የሚዘጉ ናቸው። እንዲህ ያለ ውል የፈረመ ባለሙያ ለአንዱ መድኃኒት ቤት የሣላቸውን አይከኖችና የጻፈውን ኮድ ለጎረቤቱ መድኃኒት ቤት ሲያውል፣ የገዛ እጁን ሥራ ገልብጠሃል ተብሎ ሊከሰስ ይችላል።