ካርዱ «ወንድ» ይላል፣ ውሻዬ ግን ሴት ናት

ዳማ ሴት ናት። የማዘጋጃ ቤቱ የክትባት ካርድ ግን «ወንድ» ይላል። በዚህች አንድ ቃል የተነሳ ውሻዬ 10 ቀን ታስራለች፣ እኔም ከመስኮት ወደ መስኮት ስንከራተት ከርሜያለሁ። ያኔ አንድ ሰው «ካርዱን አንብበኸዋል ወይ?» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ዳማን ያመጣኋት በቡችላነቷ ነው። የትላትል መድኃኒቷን ሰጠኋት። 3 ወር ሲሞላት ማዘጋጃ ቤቱ የእንስሳት ክሊኒክ ወስጄ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከተብኳት፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ማጠናከሪያውን አስደገምኩ። ወረፋ ነበር፣ ተራችን ደረሰ፣ ተወጋች፣ አዲስ ካርድ ተሰጠኝ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። በቃ። እስከዚህ ድረስ ማንም ሰው ይወጣዋል።

ከማጠናከሪያው 5 ወር በኋላ የጎረቤቴ ልጅ ኳስ ግቢያችን ገባችበት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እሱ የእኔ ጥፋት ነው፣ ቀድሜ ልመን። ዳማ ምግቧ ላይ ነበረች። ልጁ በአጠገቧ ሲሮጥ ባቱን ነከሰችው። ጥልቅ አይደለም፣ ግን ደምቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በትክክል ሠርቻለሁ፣ የምኮራውም በእሱ ብቻ ነው። ልጁን ቧንቧ ስር አስቀምጬ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብኩት። ሰዓት እያየሁ። እሱ «ጋሼ ይበቃል፣ በረደኝ» ይላል፣ እኔ እቀጥላለሁ። ብዙ ሰው ውሃ ፈሰስ አድርጎበት ይተወዋል፤ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ቫይረሱን ቁስሉ ላይ እያለ ማጠብ ይቻላል፣ የበሽታው ምልክት አንዴ ከጀመረ ግን የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ከእናቱ ጋር ተያይዘን ወደ ጤና ጣቢያ። የመጀመሪያውን መርፌ በዕለቱ ወሰደ። የሚቀጥሉት ከዚያ በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛው ቀን እያሉ ይሄዳሉ። ነርሷ «የውሻዋን ካርድ አምጡ፣ ንክሻውንም ለማዘጋጃ ቤቱ አስመዝግቡ» አለችን። እኔ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ውሻዬ ተከትባለች፣ ካርዱም አለ፣ ምን ቀረኝ?

ማግስቱን ዳማን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ጸሐፊዋ ካርዱን ተቀበለችኝ።

«ውሻው ወንድ ነው?»

«አይ፣ ሴት ናት።»

«ካርዱ ወንድ ይላል።»

«እህቴ፣ ይቺውና፣ እዚህ ናት። ጎንበስ ብለሽ ማየት ነው።»

«ወንድሜ፣ እኔ የማየው ካርዱን ነው።»

ቀጠለች። የክትባቱ ባች ቁጥር (ክትባቱ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየው) የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። «ልዩ ምልክት» በሚለው ላይ «የለም» ተብሏል፤ የዳማ ግራ ጆሮ ግን ቡችላ እያለች ተነክሶ ጫፉ ጎድሏል፣ ከሩቅ ይታያል። ቀኑም ደብዝዟል። እሱን ያደበዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ካርዱ ከሱሪዬ ጋር አብሮ ታጥቧል። እውነቱን ልናገር፣ ያንን ካርድ ሌላ ሰው ይዞብኝ ቢመጣ እኔም አላምነውም ነበር። ግን ማን ነው የሞላው? የራሳቸው ሠራተኛ፣ የራሳቸው ማህተም ያለበት ወረቀት! ይህን ስላት «ያኔ ለምን አላረሙም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከዛሬ ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም ልክ ናት።

«መዝገቡ ይታይልኝ» አልኩ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ። ነገ ስሄድ መዝገቡ የሚፈለገው በቀን ነው እንጂ በባለቤት ስም አይደለም ተባልኩ፣ ቀኑን ደግሞ የልብስ ሳሙና በልቶታል። በግምት ሦስት ወር ሙሉ ገጽ በገጽ አገላበጥን። በሦስተኛው ቀን ስሜን አገኘነው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም! ጣቴን እየጎተትኩ ጾታ የሚለው ዓምድ ላይ ስደርስ፣ የራይቷ ምልክት «ወንድ» እና «ሴት» በሚሉት መካከል፣ ልክ መስመሩ ላይ ተቀምጣለች። ጸሐፊዋም አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን። ከሳቀች በኋላ «ክትባቱ አልተረጋገጠም» ብላ ጻፈች።

ይህ ምን ማለት ነው? ካርዱ ቢሟላ ኖሮ ዳማ ቤቷ ታስራ ትቆይ ነበር። ስላልተረጋገጠ ግን 10ሩን ቀን የምታሳልፈው በማዘጋጃ ቤቱ ማቆያ ነው። «እሺ፣ አሁኑኑ ክተቧትና ልቀቋት» አልኩ። እምቢ አሉ። እዚህ ላይ ጮህኩ፣ ዘበኛው ጋር ተጋፋሁ፣ በዚያ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ ማንም ሊያናግረኝ አልፈለገም። በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ ረጋ ብለው አስረዱኝ። ክትባት አንዳንዴ ያተኩሳል፣ ያፈዛል። ውሻዋ በክትትል ላይ ሆና ብትፈዝ ከክትባቱ ነው ወይስ ከበሽታው ማን ያውቃል? በዚህ ልክ ነበሩ። የጮህኩት በከንቱ ነው።

የ10 ቀኑንም ነገር ያኔ ነው የተረዳሁት። የታመመ ውሻ ቫይረሱን በምራቁ ማስተላለፍ የሚጀምረው ምልክት ከማሳየቱ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ነው። ስለዚህ ከነከሰ በኋላ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ያኔ ሐኪሙ የልጁን ቀሪ መርፌዎች ሊያስቆም ይችላል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «አስገድላትና ተገላገል» የሚል ምክር በየአቅጣጫው መጣልኝ። ስህተት ነው። ውሻዋ ከሞተች የሚቀረው ጭንቅላቷን ወደ ላቦራቶሪ ልኮ አንጎሏን ማስመርመር ነው። በሕይወት እያለች ግን ዝም ብላ በመብላትና በመጠጣት መልሱን ትሰጣለች።

አሁን ማቆያው። ሁለተኛው ቀን ላይ ልጠይቃት ሄድኩ። ጎጆዋ ስትቆም ጀርባዋ ጣሪያውን የሚነካ፣ ዞር ማለት የማትችልበት ነው። የውሃ ጣሳዋ ተደፍቷል፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ወዲያና ወዲህ የማታውቃቸው ውሾች ይጮሁባታል። ጭራዋን እንኳ አልነቀነቀችልኝም። ተረኛውን ስነግረው «ውሻ እኮ ነው» አለኝ።

ቤት ገብቼ ሳነብ አደርኩ። እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝ አገር የብራምቤል ኮሚቴ የሚባል ስለ እርባታ እንስሳት ባወጣው ሪፖርት፣ አንድ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ ዞር ማለት፣ ገላውን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት መቻል አለበት ብሏል። ዛሬ «አምስቱ ነፃነቶች» የሚባሉት የእንስሳት አያያዝ መለኪያዎች የተወለዱት ከዚያ ነው። ለላምና ለዶሮ የተባለው ለዳማ ሲሆን ተከለከለ። በማግስቱ አልጮህኩም። አምስቱን ነገሮች ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ዳማ የምትችለውንና የማትችለውን ምልክት አደረግኩ፣ ምልክቶቹን መስመር ላይ ሳይሆን በየዓምዳቸው አስቀመጥኩ (ይቅርታ፣ አላስቻለኝም)፣ ለሐኪሙ ሰጠኋቸው። አንብበው ዝም አሉ። በ4ኛው ቀን ሰፊ ጎጆ ውስጥ አገኘኋት።

ማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ «በ10ኛው ቀን መጥተው ይውሰዱ» ተብሎ ተጽፏል። አትስሙ። በየቀኑ ሂዱ። ውሃዋን እዩ፣ መብላቷን እዩ፣ ከሐኪሙ ጋር በስም ተዋወቁ። በየቀኑ የሚመጣ ባለቤት ያለው ውሻና ማንም የማይጠይቀው ውሻ እኩል አይያዙም፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ «ኦርጅናል ካርድ ሁልጊዜ ይዘው ይዙሩ» ይላሉ። እኔ የምለው፣ ካርዱን በተሰጣችሁ ደቂቃ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ከውሻው ፊት ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ የክትባቱን ጠርሙስ ላይ ያለውንም ወረቀት አንሱት። ኦርጅናሉ ቤት ይቀመጥ፣ ሲጠየቅ ይምጣ። ኪስ ካርድ አያኖርም።

ማይክሮቺፕ የሚያስገቡ ከሆነ አስገቡላት። ከቆዳ ስር የምትገባ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፣ ባለ 15 አሃዝ ቁጥር አላት፣ ቁጥሩ ካርዱ ላይ ከሰፈረ «ይቺ ያቺ አይደለችም» የሚል ክርክር አይነሳም። ለዳማ አስገብቼላታለሁ። ዘግይቼ።

በ10ኛው ቀን ተለቀቀች። ከስታለች፣ ድምፅ ስትሰማ ትደነግጣለች፣ ግን ጤነኛ ናት። የልጁም ቀሪ መርፌ በሐኪሙ ትእዛዝ ቆመ። እናቱ «እሷም እስረኛ ሆነች፣ ልጄም ተወጋ፣ አንተስ ምን ቅጣት አገኘህ?» አሉኝ። የግቢውን በር ራሱ የሚዘጋ አስደረግኩት። ከዚያ በላይ ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር።

በዚያው ቀን እንደገና ተከተበች። ያቺው ጸሐፊ አዲስ ካርድ ጽፋ በመስኮቱ አቀበለችኝ። አልሄድኩም። መስኮቱ ላይ ተደግፌ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። ጾታ፣ ሴት። ልዩ ምልክት፣ ግራ ጆሮ ጫፉ የጎደለ። ባች ቁጥር አለ፣ ቀን አለ፣ የቺፑ 15 አሃዝ አንድ በአንድ አለ። የባለቤት ስም ላይ ስደርስ ከአባቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሏል።

መለስኩላት።