ወደብ ላይ የቆመችው መርከብ ሂሳብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለንደን ውስጥ የስድስት ወር ኮንትራት አግኝቼ ነበር። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። የድሮ የመንግሥት ሂሳብ ወረቀቶች ስካን ተደርገው ይመጣሉ፣ እኔ ቁጥሮቹን ኤክሴል ላይ እገለብጣለሁ። አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ሂሳብ ሠርቻለሁና "ይሄማ ለእኔ ምን አላት" ብዬ ገባሁ። የጠበቀኝ ግን ፓውንድ፣ ሽልንግና ፔኒ ነው። 12 ፔኒ አንድ ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ። ኤክሴል ይሄን አያውቅም። የመጀመሪያውን ሳምንት ራሴን ሲያመኝ ከረመ።

የደረሰኝ ፋይል የፓስፊክ ኬብል ቦርድ የሚባል የመንግሥታት ድርጅት ሂሳብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ከካናዳዋ ባምፊልድ ተነስቶ፣ በፋኒንግ ደሴት፣ በፊጂና በኖርፎክ ደሴት አልፎ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የሚገባ የቴሌግራፍ ኬብል በባሕር ሥር ተዘረጋ። ባለቤቶቹ ነጋዴዎች አይደሉም፤ መንግሥታት ናቸው። ገቢው ወጪውን ካልሸፈነ ጉድለቱን ይካፈላሉ። አከፋፈላቸው የማኅበር መዋጮ ይመስላል። ጉድለቱ 18 ቦታ ይቆረጣል። ብሪታንያ 5፣ ካናዳ 5፣ ኒውዚላንድ 2፣ ከአውስትራሊያ ደግሞ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ቪክቶሪያና ኩዊንስላንድ እያንዳንዳቸው 2።

ቦርዱ አይሪስ የምትባል መርከብ ነበረችው። መቀመጫዋ ኦክላንድ ነው። ኬብሉ ሲበጠስ ሄዳ ትጠግናለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

እኔን ጉድ የሠራችኝም እሷ ናት። የወጪ መደቦቿን እየገለበጥኩ ነው፤ ደመወዝ፣ ከሰል፣ ስንቅ፣ እድሳት። ገጹን አለፍ ስል እነዚያው መደቦች፣ ተቀራራቢ ቁጥር። አሁንም አለፍ ስል እዚያው። መርከቧ ግን በእነዚያ ወራት ከወደብ አልወጣችም። ያልሄደች መርከብ ምን ታወጣለች? የድሮ ጸሐፊ ተሳስቶ ደጋግሞ ያስገባው መሰለኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ሰረዝኩት።

በዚህ ብቻ ባበቃሁ ጥሩ ነበር። የቀረውን የዓመት ወጪ በጥገናዎቹ ብዛት አካፈልኩና ለአንድ ጥገና የወጣውን አገኘሁ። ከሰረዝኩም በኋላ ቁጥሩ ያስደነግጣል። በቀይ ቀለም አድምቄ፣ ከጎኑ "ብክነት" የሚል ማስታወሻ ጽፌ ለአለቃዬ ላክሁ። ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ማታ ለባለቤቴም አወራሁላት።

በማግስቱ አለቃዬ በአንድ መስመር መለሰችልኝ። "የኒውዚላንድን ድርሻ በ9 አባዝተህ አይተኸዋል?"

ገባኝ። 2 ከ18 ማለት አንድ ዘጠነኛ ነው። ኒውዚላንድ የከፈለችው በ9 ሲባዛ ጠቅላላ ጉድለቱን መስጠት አለበት። አባዛሁት። የእኔ ድምር አነሰ። የብሪታንያን ድርሻ ወስጄ ሞከርኩ፣ አሁንም አነሰ። የስድስቱም መንግሥታት ገንዘብ ሚኒስቴር አንድ ላይ ተሳስቶ እኔ ልክ ልሆን ነው እንዴ?

ያን ቀን አመሸሁ። የሕንፃው የማታ ጥበቃ አንድ አበሻ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ መካኒክ ነበሩ።

"ምነው ዛሬ? ቤትህ ጠፋብህ?" አሉኝ።

ነገሩን አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩ።

"ይሄንን ማን ሰረዘው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ድጋሚ የገባ መስሎኝ። መርከቧ ቆማ ነበራ።"

"ቆማ!" ሳቁ። "አንተ ልጅ፣ መርከብ ሞተሩን አጥፍተህ ቁልፉን ኪስህ የምትከታት ሚኒባስ መሰለችህ? እኛ ወደብ ቆመን ነው ስንቀጠቅጥ የምንውለው። ዝገት ትፍቃለህ፣ ቀለም ትቀባለህ፣ ውሃ ታወጣለህ። ባሕር ዝም ብሎ አያስቀምጥህም። ደግሞ ሠራተኛውን በትነህ፣ ተበጠሰ የተባለ ቀን ማንን ትጠራለህ?"

እውነት ነው፣ ማንን? ያን ሰሞን የኬብል ጥገናን ነገር ሳነብ ሥራው ከአናት በላይ እንደሆነ አየሁ። መጀመሪያ የብስ ላይ ያሉት ባለሙያዎች የኬብሉን የኤሌክትሪክ መቋቋም ለክተው ብልሽቱ ስንት ማይል ላይ እንዳለ ያሰላሉ። መርከቧ እዚያ ሄዳ መንጠቆ ወደ ባሕሩ ወለል ትጥላለች፣ ትጎትታለች። ጥልቅ ውሃ ላይ ኬብሉ ሳይቆረጥ ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ይቆርጡታል፣ አንዱን ጫፍ ተንሳፋፊ ላይ አስረው ሌላውን ፍለጋ ይሄዳሉ። ከዚያ መሀሉን በመለዋወጫ ኬብል ይቀጥሉታል። መለዋወጫው ራሱ እንክብካቤ ይፈልጋል። የተሸፈነበት ጉታፐርቻ የሚባል የዛፍ ሙጫ ከደረቀ ይሰነጠቃልና መርከቧ ውስጥ ውሃ የሞላው ጋን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ይሄ ሁሉ "በቆመችበት" ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ኬብሉ ነጠላ ነበር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት። ተበጠሰ ማለት መልእክቱ የተፎካካሪ ኩባንያ መስመር ላይ ሄደ፣ ገቢውም አብሮ ሄደ ማለት ነው። መንግሥታቱ በየዓመቱ ሲያዋጡ የነበረው አይሪስ ስለጠገነችው ብቻ ሳይሆን፣ ለጠበቀችበትም ነበር።

በነገራችን ላይ የብሪታንያ መንግሥት ቀደም ብሎ በአሮጌ መርከብ ተነክሷል። እ.ኤ.አ. በ1870 የአገር ውስጥ ቴሌግራፍ ኩባንያዎችን ሲጠቀልል፣ በ1830 የተሠራች ሞናርክ የምትባል ኬብል መርከብ አብራ ደረሰችው። ለመንግሥት በወጣችበት በመጀመሪያው ሥራ ተበላሽታ ቀረች። የከሰል ማከማቻ አደረጓት። ዛሬም ጭቅጭቁ አልቀረም። የአሜሪካ መንግሥት ሁለት ኬብል ጠጋኝ መርከቦች ለጥሪ ዝግጁ እንዲሆኑለት ለእያንዳንዳቸው በዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ድጎማ መድቧል። እኔ ብሆን ኖሮ በቀይ አድምቄው ነበር።

የሰረዝኳቸውን መስመሮች መለስኩ። በ9 አባዛሁት። ለፔኒ እንኳ ሳይዛነፍ ገጠመ። አለቃዬ ይቅርታዬን ሰምታ፣ "ብክነት" ያልኩበትን ማስታወሻ አንሥቼ በምትኩ "ወደብ የቆየችባቸው ቀናት" የሚል ዓምድ እንድጨምር አዘዘችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መዝገብ ላይ ያልገባኝን መስመር አልሰርዝም፤ ቢጫ ቀብቼ ሰው እጠይቃለሁ።

ኮንትራቴ ሊያልቅ ሰሞን ለጋሼ አንድ ነገር አገኘሁላቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1917 መጨረሻ፣ ፌሊክስ ፎን ሉክነር የተባለ የጀርመን የባሕር መኮንን ኦክላንድ አጠገብ ካለች ደሴት ከእስር አምልጦ፣ ጀልባ ቀምቶ ወደ ውቅያኖሱ ገሰገሰ። አሳዳ የያዘችው አይሪስ ናት። ያቺ ኬብል ጠጋኟ።

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ "እሺ፣ የዚያን ቀን ከሰል በየትኛው መደብ መዘገቡት?" አሉኝ።