ዮቫኖቪች ማለት የዮሐንስ ልጅ ማለት ነው

እኔ በማስተምርበት የባሕር ዳር ትምህርት ቤት ክረምቱ ሲያበቃ የተማሪዎች ምዝገባ ይካሄዳል፤ መዝገቡን በእጅ የመሙላቱ ሥራም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለእኔ ነው። መዝገቡ የተማሪው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉት። ዘንድሮ በአንድ ገጽ ላይ ብቻ «ዮሐንስ» የሚለውን የአባት ስም አራት ጊዜ ጻፍሁ። አንዱ ልጅ ከዘጌ፣ ሌላው ከመራዊ፣ ሦስተኛው ከሐሙሲት የመጡ ሲሆኑ አራተኛዋ የከተማችን ልጅ ናት፤ በመካከላቸው አንዳችም ዝምድና የለም። የእኔም አባት ዮሐንስ ይባላል። ብዕሬን አስቀምጬ ያሰብሁት፣ አምስታችንም ሰርቢያ ውስጥ ብንወለድ ኖሮ ሁላችንም ዮቫኖቪች ተብለን ልንጠራ እንችል እንደነበር ነው።

ዮቫን የኛው ዮሐንስ ነው። «ኦቭ» የባለቤትነት ምልክት ሲሆን «ኢች» ደግሞ ማሳነሻ ነው፤ ሲገጣጠሙ «የዮሐንስ ትንሹ»፣ ማለትም የዮሐንስ ልጅ የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። ይህ ስም በሰርቢያ እጅግ ከተለመዱት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት እንደ ብዙዎቻችን በእግር ኳስ ነበር። ሰኔ 11 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ፣ ሚላን ዮቫኖቪች ጀርመን ላይ ብቸኛዋን ግብ አስቆጥሮ ሰርቢያ 1 ለ 0 አሸንፋለች።

ሰርቦች ከእኛ የሚለዩበት ነገር የቤተሰብ ስማቸው ቋሚ መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል፤ የእኔ ልጆች የእኔን ስም እንጂ ዮሐንስን በአባት ስምነት አይዙም። በሰርቢያም ቀድሞ እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1804 የተነሣውን ዐመፅ የመራው ጆርጄ ፔትሮቪች የተባለው አባቱ ጴጥሮስ ስለነበረ ነው፤ ሕዝቡ ግን ካራጆርጄ፣ ማለትም ጥቁሩ ጊዮርጊስ ብሎ ጠራው፣ ልጁ አሌክሳንደርም ከአያቱ ስም ይልቅ ከዚህ ቅጽል ተነሥቶ ካራጆርጄቪች ተባለ። የአባት ስም ልጅን ተከትሎ መለዋወጡ ቀርቶ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቋሚ ስም እንዲይዝ በሰርቢያ ልዑል አገዛዝ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1851 ሲሆን፣ በኦስትሪያ ሥር የነበሩት ሰርቦች ግን ከዚያ አስቀድመው ቋሚ ስም ይዘው ነበር። በየመንደሩ ዮቫን የሚባል አያት ስለማይጠፋ፣ ዘር የማይጋሩ ብዙ ቤተሰቦች አንድ ስም ይዘው ቀሩ።

ከእነዚህ ሁሉ አብልጬ የምወደው ባለቅኔውን ዮቫን ዮቫኖቪችን ነው፤ ዮሐንስ የዮሐንስ ልጅ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 በኖቪ ሳድ ተወልዶ በ1904 አረፈ። ስሙ ከሌሎች ጋር እንዳይምታታም «ዝማይ» የሚል ቅጽል አለው። ዝማይ ዘንዶ ማለት ሲሆን የመጣው ከሚያሳትመው የስላቅ መጽሔት ስም ነው፤ የመጽሔቱ ስም ግን ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የተቀመጠ ሰው በደስታ የሚቀበለው ሰምና ወርቅ አለው። በሰርቦች ፊደል «ዝ» የሚባለው ሆሄ መልኩ ልክ እንደ ቁጥር 3 ነው፤ «ማይ» ደግሞ ግንቦት የሚያክለው ወር ስም ነው። ስለዚህ ያው አንድ ጽሑፍ «ዘንዶ» ተብሎም፣ «ማይ 3» ተብሎም ይነበባል፤ ያ ቀን እ.ኤ.አ. በ1848 በኦስትሪያ ሥር የነበሩ ሰርቦች ስሬምስኪ ካርሎቭትሲ በተባለች ከተማ ተሰብስበው መብታቸውን የጠየቁበትን ጉባኤ ያስታውሳል። ዘንዶው ሰሙ፣ ጉባኤው ወርቁ ነው።

ዝማይ ሐኪምም ነበር። በ1864 ለሚስቱ ያለውን ፍቅር የገለጸበትን «ጁሊቺ» የተባለ የግጥም መድበል አሳተመ፤ ትንንሽ ጽጌረዳዎች ማለት ነው፣ መድረሻውም በስሙ ጫፍ ላይ ያለው ያው ማሳነሻ «ኢች» ነው። ከዚያ ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፣ ልጆቹም ተከታትለው አለፉ። በ1882 ያወጣውን መድበል «የጠወለጉ ጽጌረዳዎች» አለው። ሐኪም ሆኖ የገዛ ቤቱን ማዳን ያልቻለ ሰው ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚታወሰው ለሕፃናት በጻፋቸው ግጥሞች መሆኑን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

የሕግ ምሁሩና የታሪክ ጸሐፊው ስሎቦዳን ዮቫኖቪችም የተወለደው እዚያው ኖቪ ሳድ ነው፤ ይሁን እንጂ አባቱ ሌላ ሰው፣ የነፃነት አቀንቃኙ ፖለቲከኛ ቭላዲሚር ዮቫኖቪች ነው። ቭላዲሚር ወንድ ልጁን ከ«ነፃነት» በተወሰደ ስም ስሎቦዳን፣ ሴት ልጁን ደግሞ ፕራቭዳ፣ ፍትሕ፣ ብሎ ሰየማቸው፤ በእኛም መዝገብ ላይ ነፃነትና ፍትሕ የሚባሉ ልጆች ስላሉ ይህ አባት ምን እንደተመኘ ለመረዳት አልቸገርም። ስሎቦዳን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በስደት ላይ የነበረው የዩጎዝላቪያ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 በሌለበት ተፈርዶበት በ1958 ለንደን ውስጥ ሞተ፤ ዛሬ ምስሉ በሰርቢያ የ5000 ዲናር ገንዘብ ላይ ይገኛል። ሠዓሊው ፓያ ዮቫኖቪች ደግሞ በቭርሻትስ ተወልዶ በቪየና ያረፈ ሲሆን፣ በ1690 ስለተደረገው የሰርቦች ፍልሰት የሣለው ሥዕል ከሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው ነው።

እንግዲህ ስም ዝምድናን ካላስረዳ ሰርቦች ዘመዳቸውን ለመለየት ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ ስላቫ ነው። ስላቫ ቤተሰብ በየዓመቱ የሚዘክረው የአንድ ቅዱስ ቀን ሲሆን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ በዕለቱ ሻማ ይበራል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ የተቀቀለ ስንዴ ይቀርባል። ስማቸው አንድ ሆኖ የሚዘክሩት ቅዱስ ከተለያየ የአንድ አያት ልጆች አለመሆናቸውን ይጠረጥራሉ። አባቴ ከአያቴ የተረከበው የሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ ዝክር ዛሬ በእኔ እጅ ነው፤ ዳቦው የሚቆረሰውም ጣና ዳር ባለው ቤታችን ነው። የአያቴ ስም ግን በልጆቼ መዝገብ ላይ የለም።