ከነፎሙ
ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ የትናንቱን የምግብ ትራፊ ከነፎም ዕቃው ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ደቂቃ። ስከፍተው የዕቃው አንዱ ጥግ ተጨማዷል፤ ዘይቱ የተኛበት ቦታ ደግሞ ትንንሽ ጉድጓድ አውጥቷል። ሽታውንማ ተዉት!

ርቦኝ ስለነበር የላይ የላዩን ልበላ ዳድቶኝ ነበር (አዎ፣ እንዲህ ነኝ)። ግን የቀለጠው የት ገባ? ደፋሁት።

ፎሙ የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ውሃ እዚያው ላይ ይፈላል፤ ዘይት ግን ከዚያም አልፎ ይግላል። ለዚህ ነው ቅባቱ ያለበት ቦታ ቀድሞ የተበሳው። ስታይሪን የሚባለው ኬሚካልም ሙቀትና ቅባት ሲያገኝ ከፎሙ ወደ ምግቡ ይበልጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2018 እ.ኤ.አ. ስታይሪንን ካንሰር የማምጣት ዕድል አላቸው ከሚላቸው ጋር መድቦታል።

አንድ ቀን የበላ ሰው አይደንግጥ፤ የሚገባው መጠን ትንሽ ነው። ለማይክሮዌቭ ይሆናል የሚል ምልክት ያለበት ዕቃም አለ። የኔው ግን ምንም አልነበረበትም፣ ገልብጬ አየሁት። ከደፋሁት በኋላ ነው እንግዲህ።

የሸክላ ሳህኑ እኮ አጠገቤ ነበር። እሱን ላለማጠብ ብዬ ማይክሮዌቩን ሳጥብ ዋልኩ።